ዘይት ያልተጣደበት ቅበላ

ፕዩቨርዳን፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 1957
(ያልተላከ)

ወንድሜ ፉልክራን፣

ሰላምታውን አሳጥሬ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ይቅር በለኝ። እናታችን ሐሙስ ጠዋት አረፈች።

ሳሉ ከገና ጀምሮ አልለቀቃትም ነበር። ረቡዕ ማታ ሾርባዋን ጨርሳ፣ ጨው አብዝተሻል ብላ ተቆጥታኝ ተኛች። በማግስቱ እሳቱን አንድጄ ልቀሰቅሳት ስገባ ቀዝቅዛ አገኘኋት። ሐኪሙ ልቧ ነው አለ። ትናንት ከአባባ ጎን ቀበርናት። አሥራ ዘጠኝ ሰው መጣ፤ ለዚያ ብርድ ብዙ ነው።

ቴሌግራም ላደርግልህ ፖስታ ቤት ሄጄ ነበር። ቅጹ ላይ ስምህን ጻፍኩ፣ ባሂያ ብላንካ፣ አርጀንቲና ብዬ አድራሻህን ጻፍኩ፣ ከዚያ ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ ብዕሩን ይዤ ቆምኩ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። ቅጹን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ደብዳቤ ይሻላል ብዬ ወጣሁ።

እውነቱን ልንገርህ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለእኔ አንድ ደብዳቤ ጽፈህ አታውቅም። አልተቀየምኩም፤ ሰው ለእናቱ ነው የሚጽፈው። እሷ ፊደል ስለማታውቅ የማነብላት እኔ፣ መልሱንም የምጽፈው እኔ። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ “ዜሊን ሰላም በያት” ትላለህ። እሱንም ጮክ ብዬ አነባለሁ። እናታችን ወደ እኔ ዞር ትልና “ፉልክራን ሰላም ብሎሻል” ትለኛለች። “እግዜር ይስጠው” እላለሁ።

ከእንግዲህ ለማን ትጽፋለህ? ሁለት የሐዘን ደብዳቤ ትልክልኝ ይሆናል። ከዚያ የገና ካርድ። ከዚያ አንድ ዓመት ካርዱ ይዘገያል፣ በሚቀጥለው ይቀራል። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ከአንተ ደብዳቤ በቀር ወደዚህ ቤት ከውጭ የሚገባ ነገር የለም።

ሰኞ ለፖስተኛው ለባርቴ እሰጠዋለሁ።

ዜሊ


ፕዩቨርዳን፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1957

ውድ ልጄ ፉልክራን፣

ብርዱ እዚህ፣ ሙቀቱ እዚያ፣ እንደምን ከርመሃል? መልሱ ስለዘገየብህ አትቀየመኝ። የምትጽፍልህ እንደ ወትሮው ዜሊ ናት፤ እኔ እሳት ዳር ሆኜ እነግራታለሁ።

ስለ ሳሌ ጠይቀኸኛል። ለቅቆኛል፤ አሁን አያስለኝም። የበለሱን ዛፍ አልቆረጥነውም፣ አታስብ። ክፍልህ እንዳለ ነው። የወይን ግንድ መግረዙን ዘንድሮም የኤስካንድ ልጆች ሠሩልን።

ምራቴን ኤርኔስቲናን ስለ ሰላምታዋ አመስግንልኝ። በደብዳቤው ግርጌ በገዛ እጇ የምትጽፋትን አንድ መስመር ግን ካየሁ ቆየሁ። እጇን አሟት ነው?

ዘንድሮ ትመጣ እንደሆነ አልጠይቅህም። በየዓመቱ እጠይቅሃለሁ፣ በየዓመቱ በሚቀጥለው ትለኛለህ። አንተ ደህና ሁን እንጂ ግድ የለም።

እናትህ


ባሂያ ብላንካ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1957

እናቴ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ሳሉ ስለለቀቀሽ ደስ አለኝ፤ ከገና ጀምሮ ያሳስበኝ ነበር። ኤርኔስቲና ደህና ናት። ሥራ በዝቶባት ነው የማትጽፈው።

እዚህ ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ። የዚህ አገር ሰው ሲዘንብ ሊጥ ይጠብሳል፤ ምክንያቱን ብጠይቅ የነገረኝ የለም። ክብ አድርገው ይጠፈጥፉታል፣ መሃሉን በጣት ይበሱታል፣ በበሬ ሞራ ይጠብሱታል። ባቡር የምንጠግንበት ቤት ውስጥ ሰማዩ ገና ሲጠቁር አለቃችን ራሱ “ዱቄት ያለው ማነው?” ይላል። ረቡዕ ዕለት እየበላን የእናንተስ አገር እንዴት ነው አሉኝ። የእኛ ኦሬዬት የሚባለው ስስ ነው፣ እናቴ ጉልበቷ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፋ ሊጡን የጨርቁ መስመር እስኪታይ ድረስ ትለጥጠዋለች አልኳቸው።

“ጉልበቷ ላይ?” አለ ቪሴንቴ የሚሉት ቀጥቃጭ።

“አዎ።”

“እንግዲያው እናትህ ሱሪ ነው የምትጠብሰው።”

እስከ ሥራ መውጫ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን አማረኝ።

ቅበላ ደርሷል። አንቺ የለጠጥሽውን፣ ዜሊ የጠበሰችውን ኦሬዬት በቆርቆሮ አድርገሽ ላኪልኝ። በመርከብ ስድስት ሳምንት ነው፤ እርጥበት ካላገኘው አይበላሽም። ቢሰባበርም በማንኪያ እበላዋለሁ።

ዜሊን ሰላም በያት።

ፉልክራን


ፕዩቨርዳን፣ ማርች 5 ቀን 1957፣ የቅበላ ማክሰኞ
(ያልተላከ)

ወንድሜ፣

ይህኛውንም አልልከውም፤ ግን ዛሬ ከአንተ ጋር ካላወራሁ ከማን ጋር ላውራ?

ዘይት አልጣድኩም። ሐዘን የገባበት ቤት ዓመት ሳይሞላው ዘይት እንደማይጥድ ታውቃለህ። ጎረቤት ያመጣል። በደህናው ጊዜ ማንም ሰው ለሌላው ቤት ኦሬዬት አይልክም፣ የአንቺ አይጣፍጥም እንደማለት ነውና። ሐዘን ሲሆን ብቻ ነው ሳህኑ የሚዞረው።

ማዳም ኤስካንድ በሦስት ሰዓት መጡ። ሳህናቸውን አስቀምጠው ጨርቁን ገለጡና ወንበር ሳቡ።

“ብዪ እንጂ።”

“ኋላ እበላለሁ።”

“ኋላ ትያለሽ፣ ከዚያ ለዶሮ ትሰጫለሽ። አውቅሻለሁ።” ከዚያ ዙሪያውን አይተው “ለፉልክራን ጻፍሽለት?” አሉኝ።

“ጽፌያለሁ።” ውሸት አልነበረም፣ ጽፌአለሁ።

“ምን አለ?”

“ገና ነው። ሩቅ ነው አገሩ።”

ቀጥላ የመንደራችን ቀጥቃጭ ሚስት ማዳም ፑዤ መጣች፣ ቀጥላ ማድሟዜል ሩቪዬር በከዘራዋ። ቄሱም በሠራተኛቸው እጅ ላኩ። መጨረሻ የመጣችው የአስተማሪው ሚስት ናት። ሊዮን ከተማ ያደገች ስለሆነች የእሷ እንደ ጣት ወፍራም ነው። ማዳም ኤስካንድ ጨርቁን ገልጠው ሲያዩት “ለሐዘንተኛ ትራስ ማምጣትሽ ደግ አድርገሻል” አሏት። ልጅቷ መሳቅ ይገባት አይገባት ስላላወቀች እኔን አየችኝ። እኔ ሳቅሁ። ከጃንዋሪ ወዲህ መጀመሪያዬ ነው።

አምስት ሳህን ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል። ሳህኖቹ ዓመቱን እኔ ጋ ይቆያሉ፤ በሚቀጥለው ቅበላ ሞልቼ እመልሳለሁ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ባርቴ በብስክሌቱ መጣና ደብዳቤህን ሰጠኝ፤ ኦሬዬት ላኪልኝ የምትለውን። ፖስታውን ሳይለቅ ጫፉን ይዞ ቆመ።

“ዜሊ፣ ይኼ ደብዳቤ የተጻፈው ለእናትሽ ነው።”

“አውቃለሁ።”

“ሕጉን ታውቂያለሽ? ተቀባዩ ከሞተ ‘ሞቷል’ ብዬ ጽፌ እመልሳለሁ።”

“መልሰዋ።”

ትንሽ አየኝ። “ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል” አለና ለቀቀልኝ። አንድ ኦሬዬት አንስቶ እየበላ ወጣ።

ደብዳቤህን አነበብኩት። እንደ ወትሮው ጮክ ብዬ። ከዚያ የብስኩት ቆርቆሮውን አወረድኩ። የአስተማሪውን ሚስት ሳህን ትቼ ከአራቱ ሳህን ስስ ስሱን መረጥኩ። ብርሃን ላይ እያየሁ፣ እናታችን ለጥጣዋለች ለማለት የሚያስችለውን ብቻ። አልቀመስኳቸውም። ሠላሳ ሁለት ገባ።


ፕዩቨርዳን፣ ማርች 9 ቀን 1957

ውድ ልጄ፣

ቆርቆሮውን ዛሬ በመርከብ ልከንልሃል። ጉልበቴ እንደ ድሮው ባይሆንም እንደምታየው ስስ ነው። ዜሊ ጠበሰችው። ስኳሩን አልነሰነስንበትም፣ በመንገድ ይቀልጣል፤ እዚያ አድርግበት።

ቀጥቃጩን ቪሴንቴን ሱሪ እንደማልጠብስ ንገርልኝ።

እናትህ


ባሂያ ብላንካ፣ ኤፕሪል 28 ቀን 1957

እናቴ፣

ቆርቆሮው በትንሣኤ ዋዜማ ደረሰኝ። ግማሹ ተሰባብሯል፣ ግማሹ ደህና ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ ቀመስኩ። እጃችሁ ይባረክ። ቶሎ ያልጻፍኩልሽ ስላልቻልኩ ነው፤ አትጠይቂኝ።

ወይዘሮ ሃሊና የምትባል ፖላንዳዊት ሴትዮ አለች። ቆርቆሮውን ስከፍት አይታ “ይኼማ የእኛ ነው” አለች። የፈረንሳይ ነው ብላት “ከእኛ ሰርቃችሁ ነው፣ መሃሉን መሰንጠቅ ረስታችኋል” አለችኝ። ወዲያው ሊጥ አቦካች። እንደ ሪባን በረጅሙ ቆርጣ፣ መሃሉን በቢላ ሰንጥቃ፣ ጫፉን በስንጥቁ አሾልካ ጠበሰችው። እውነትም የእነሱና የእኛ ጥብስ ወንድምና እህት ናቸው። እነሱም ከጾሙ በፊት ባለው ሳምንት ነው የሚሠሩት። አገሯን ካየች ሃያ ዓመት ሆኗታል።

ዛሬ ስለ አንቺ አልጠይቅሽም። ስለ ዜሊ ንገሪኝ። ትበላለች? ማታ ማታ ምን ትሠራለች? ከማን ጋር ታወራለች? እንጨቱን ማን ይፈልጥላታል? በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ስለ እሷ ብቻ ጻፊልኝ።

ሰላም በያት። ሁለት ጊዜ በያት።

ፉልክራን


ፕዩቨርዳን፣ ጁን 2 ቀን 1957

ውድ ልጄ፣

ቆርቆሮው መድረሱን ሰምተን ደስ አለን። መልሱን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጠን ሦስት ጊዜ ተነሥተናል። ጥያቄህ ከበደን።

ዜሊ ደህና ናት። ትበላለች። እንጨቱን ራሷ ትፈልጣለች፤ ከአንተ ትሻላለች፣ አንተ ሁልጊዜ ጉቶው ላይ መጥረቢያውን ታደነዝዝ ነበር። ማታ ማታ ልብስ ትጠግናለች። የሚጠገን ሲያልቅ የተጠገነውን ፈትታ እንደገና ትጠግናለች። ከማን ጋር ታወራለች ላልከው፣ ከእኔ ጋር ታወራለች።

ሌላ ምን ልበልህ። ሳትጠራ የትም አትሄድም። ሰው ሲጠራት ደግሞ ሥራ አለኝ ትላለች። አንድ ጊዜ የጣሪያ ሠሪው ሊያገባት ጠይቆ ነበር፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው፣ አልጻፍንልህም። እናቴን ለማን ትቼ አለች። እኔ ሂጂ አላልኳት። ማለት ነበረብኝ፤ ግን ሾርባዬን ማን ይሠራልኛል ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ሳስበው ጥሩ ልጅ ናት። ነግሬአት አላውቅም።

ይህን እንድትጽፍ ሳዛት እጇ ቆመ፤ ጻፊ አልኳት።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ይህች ሃሊና ማን ናት? በአንተ ወጥ ቤት ምን ትሠራለች? ሚስት ላለው ሰው ሌላ ሴት ሊጥ ስትጠብስለት፣ ሚስትየዋ የት ሄዳ ነው?

እናትህ


ባሂያ ብላንካ፣ ኦገስት 11 ቀን 1957

እናቴ፣

ስለ ዜሊ የጻፍሽውን አራት ጊዜ አነበብኩት። የጣሪያ ሠሪውን ነገር አላውቅም ነበር። ሰውየውን አስታውሰዋለሁ፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር።

ስለ ሃሊናና ስለ ኤርኔስቲና ላነሣሽው ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

አንድ ነገር ልበልሽ። ማናገሩ የሚደክምሽ ከሆነ ዜሊ በራሷ ስም ትጻፍልኝ። ለእኔ ልዩነት የለውም። መልሱንም ከፈለገች ለእሷ እጽፋለሁ። ይህን ልክ እንደጻፍኩት ጮክ ብላ ታንብበው።

እዚህ አሁን ብርድ ነው። ጠዋት ሐዲዱ ላይ አመዳይ አለ።

ፉልክራን


ፕዩቨርዳን፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1957

ወንድሜ ፉልክራን፣

ኦገስት ላይ የከፈትክልኝን በር አይቼዋለሁ። አልገባሁም፤ ፈራሁ። አሁን ግን ባርቴ ጡረታ ወጣ።

ባለፈው ሳምንት ለመሰናበት መጥቶ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አንድ ብርጭቆ ወይን ጠጣ።

“ከሰኞ ጀምሮ ከታች መንደር አዲስ ልጅ ይመጣል” አለኝ። “ሕጉን ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ዓይኑም ደህና ነው።”

“እሺ።”

“እሺ አይደለም ዜሊ። እኔ አሥር ወር ሙሉ ለመቃብር ደብዳቤ አመላልሻለሁ። ሚስቴ እንኳ አታውቅም። ብታውቅ እንደ ጤነኛ አታየኝም።”

“ምን ላድርግ?”

“የሆነውን ጻፊለት።”

“ካቆመስ?”

ቆቡን አድርጎ ተነሣ። “ካቆመማ” አለ፣ “አዲሱ ልጅ አንድ አቀበት ይቀንስለታል።” ክፉ ሰው አይደለም፤ አነጋገሩ እንዲህ ነው።

እንግዲህ እጽፋለሁ። እናታችን ጃንዋሪ 17 ቀን አረፈች፤ በእንቅልፏ፣ ሳትቸገር። በሦስተኛው ቀን ስለ ሞቷ ጽፌልህ ነበር፤ ደብዳቤውን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ በኋላ ያነበብከው ሁሉ የእኔ ነው። ሳሉ ለቀቀኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ኦሬዬቱን እሷ አልለጠጠችም፣ እኔም አልጠበስኩም፤ ከጎረቤት የመጣ ነው። ስለ ዜሊ የጻፍኩልህም እኔ ነኝ። “ጥሩ ልጅ ናት” ያለችህ እናትህ እንዳይመስልህ። ስለ ራሴ እንዲያ ብዬ መጻፌ እስከ አሁን ያሳፍረኛል።

ለእናትህ እንድታለቅስ አልፈቀድኩልህም። ይቅርታ የምለምንህ በዚህ ነው። ሰው ቢጠይቀኝ ሐዘን እንዳይጎዳው ብዬ ነው እል ነበር፤ አይደለም። እሷ ከሌለች ደብዳቤ አይመጣም ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ለመመለስ አትገደድ። ፖስታው ላይ ስሜን የምትጽፍ ከሆነ ግን ማድሟዜል ዜሊ ካብሮል ነው። አዲሱ ፖስተኛ አያውቀኝም።

ዜሊ


ባሂያ ብላንካ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1957

እህቴ ዜሊ፣

አውቃለሁ። ከትንሣኤ ዋዜማ ጀምሮ አውቃለሁ።

ቆርቆሮውን ከፍቼ የመጀመሪያውን በላሁ፤ የሎሚ ልጣጭ። የኤስካንድ ቤት ነው፤ አባባ የሞተ ዓመት ቀምሼዋለሁ። ማዳም ኤስካንድ ትንሽ ሰጥተዋችሁ ይሆናል ብዬ አለፍኩ፤ ግን ቅበላ ላይ ማን ለማን ይሰጣል? ሁለተኛው ሮም የሚሉት መጠጥ አለው። በእናታችን ሊጥ ውስጥ ሮም ገብቶ አያውቅም፣ አባባን ያስታውሳታል። ሦስተኛው አኒስ የሚሉት ቅመም፣ አራተኛው ምንም የለውም፣ የቄሱ ሠራተኛ መሆን አለባት፣ ሁልጊዜ ትረሳ ነበር። ያኔ ሠላሳ ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እያንዳንዱን ቆንጥሬ ቀመስኩ። እናታችን የምታደርግበትን የብርቱካን አበባ ውሃ የሚሸት አንድም አልነበረም። ኦሬዬት ከአራት ቤት የሚገባበት ቤት አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ዓይንሽ በደንብ መርጧል፤ አልቀመስሽውም እንጂ።

ሃሊና ምን ሆንክ አለችኝ። እናቴ ሞታለች አልኳት። “ደብዳቤ መጣ?” አለች። “አልመጣም፣ ኦሬዬት መጣ” አልኩ። ክንዴ ላይ ጥቁር ጨርቅ ሰፋችልኝ። እስከ ዛሬ እንዳሰርኩት ነው። አልቅሻለሁ ዜሊ። አልከለከልሽኝም፤ ስለዚህ አትጨነቂ።

ለምን ዝም አልክ ትይኛለሽ። እናታችን መሞቷን እኔ ቀድሜ ብናገር፣ አንቺም ከእንግዲህ ለምን እጽፍለታለሁ ብለሽ እንዳትተዪኝ ፈርቼ ነው። አንቺ ለእኔ ጽፈሽ አታውቂም፤ እሷ ስታጽፍሽ ነው የጻፍሽው። እኔም እንደ አንቺ ነው ያሰብኩት።

የኤርኔስቲናን ነገር ጠይቀሽኛል። ከሦስት ዓመት በፊት ሮሳሪዮ ከተማ እህቷ ጋ ሄደች፣ አልተመለሰችም። ጠብ አልነበረም፤ አንድ ጠዋት ዝም ብለን ቁርስ ስንበላ ደከመኝ አለች። ሃሊና አከራዬ ናት። አንዲት ክፍል ይዣለሁ፣ መስኮቷ ወደ ጓሮ ነው። ለእናታችን ቤታችን እያልኩ እጽፍ ነበር።

ሌላም አለ። አልመጣም። በየዓመቱ በሚቀጥለው እያልኩ ስዋሻችሁ ኖርኩ፤ ከእንግዲህ አልዋሽም። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፣ የመጣሁበትን አገር የማውቀው እናንተ በምትጽፉልኝ ልክ ብቻ ነው። መጥቼ ባየው እናንተ የጻፋችሁልኝ ይጠፋብኛል።

ስለ ራስሽ ጻፊልኝ። በእናታችን አፍ አይደለም፣ በራስሽ። ጠዋት ምን ታደርጊያለሽ? ምን ትወጃለሽ?

ወንድምሽ ፉልክራን


ፕዩቨርዳን፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1958

ወንድሜ፣

የኖቬምበሩም፣ የዲሴምበሩም፣ የጃንዋሪውም ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሦስት ደብዳቤ ተቀብዬ አንድ አልመለስኩም። ደብዳቤ ይቀርብኛል ብዬ ዓመት ሙሉ የዋሸሁ ሰው፣ በስሜ ሲመጣልኝ ምን እንደምል አጣሁ። ይቅር በለኝ።

የመጀመሪያው የመጣ ቀን አዲሱ ፖስተኛ በር ላይ ቆሞ “ማድሟዜል ካብሮል?” አለኝ። “ቆይ ልጥራልህ” አልኩት። ወደ ውስጥ ሁለት እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ነው የቆምኩት። ልጁ ጨዋ ነው፣ አልሳቀም። ለእሱ ምናልባት የመንደሩ ሴቶች ሁሉ እንዲህ ናቸው።

ትናንት ቅበላ ነበር። ዓመቱ አልፏል፣ ዘይት መጣድ ነበረብኝ። አምስቱን ሳህን ሞልቼ ካልመለስኩ ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው። ሊጡን በዋዜማው አቦካሁ፣ የብርቱካን አበባ ውሃውን አደረግሁ። ጠዋት ጨርቁን ጉልበቴ ላይ አነጠፍኩ። በዕድሜዬ ሙሉ መጥበሻው ዘንድ ነበርኩ እንጂ እናታችን የምትለጥጥበት ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ሊጡ በመጀመሪያ ተቀደደ፣ ቀጥሎም ተቀደደ። ሦስተኛው ሲወጣልኝ ዘይቱ መጨስ ጀምሯል። እለጥጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ እጠብሳለሁ፣ እቀመጣለሁ። አንዱን ስለጥጥ ሌላው ያርራል። ለሁለት ሰው የተሠራ ሥራ ነው።

ማዳም ኤስካንድ ጢሱን አይተው መጡ።

“ቤቱን ልታቃጥዪ ነው?”

“ኦሬዬት ነው።”

“ይኼ?” አንዱን ጥቁር በጣታቸው አንጠለጠሉት። “ለቀብርሽ አስቀምጪው። ተነሺ፣ እኔ ልጥበስ።”

“አይሆንም። ሳህንዎን በእርስዎ እጅ ሞልቼ ልመልስልዎ?”

አሰቡና ትክክል ነሽ አሉ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። አልረዱኝም፤ ግን እስከ ማታ አልሄዱም። ዘይቱ ሲጨስ “ዘይቱ” ይላሉ፣ እነሣለሁ። ስለዚህ አንድ ሰው ተኩል ነበርን ማለት ነው።

ለአምስት ሳህን ሠላሳ ወጣልኝ፣ ለእያንዳንዱ ስድስት። ድሮ በአንድ ቅበላ መቶ ሃያ እንሠራ ነበር። ወፍራም ናቸው፤ ለአስተማሪው ሚስት ስወስድላት “እንደ አገሬ” ብላ ደስ አላት። ለአንተ አልተረፈም። ብልክልህ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን እንዳለ ልንገርህ ብዬ ነው፤ አልተረፈም።

አሁን ስለ ጠየቅኸኝ። ጠዋት የምነሣው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። የምነሣለት ሰው የለም፣ ልማድ ነው። ዶሮዎቹን አወጣለሁ። ቡናዬን ቆሜ እጠጣለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ገበያ እወርዳለሁ። ምን ትወጃለሽ ላልከው ሁለት ሳምንት አሰብኩበት። ዝናብ ካቆመ በኋላ ልብስ ማስጣት እወዳለሁ። የወይን ቅጠል ሲቃጠል ያለውን ሽታ እወዳለሁ። ሰው ስሜን ሲጠራ ግን አሁንም እደነግጣለሁ። የጣሪያ ሠሪው ባለፈው ዓመት ሞቷል፤ ሎዴቭ ከተማ ነው የተቀበረው፣ ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት።

ይኸው ነው። እንደምታየው ገጹ ግማሽ ቀርቷል። ድሮ ቢሆን ይህን የእናታችን ምክርና ሰላምታ ነበር የሚሞላው። ስለ እኔ ያለው ግን እስከዚህ ስለሆነ እንዲሁ አጥፌ ላክሁት።

እህትህ ዜሊ